የኅዳር ጭስ ለምን አይነሳም?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በማለዳ ቁልቁል ሳይ ከተማው ግራጫ ነጠላ የተከናነበ ይመስላል። ረፋዱ ላይ ይገፈፋል።

ነገሩ የቦታና የወቅት ጣጣ ነው። አዲስ አበባ በእንጦጦ፣ በወጨጫና በየረር መካከል የተቀመጠች ገበቴ ናት። በበጋ ሰማዩ ስለሚጠራ መሬቱ ሌሊት ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። መሬት ጠጋ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይገጠምበታል። የሚኒባሱ ጭስ፣ የከሰሉ ጭስ፣ አቧራው፣ ሁሉም እዚያው ይታፈናል። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው መውጫ የለውም።

ታዲያ ኅዳር ሲታጠን ብለን ቆሻሻ የምናቃጥለው በዚሁ ሰሞን ነው። ልማዱ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ አልነቅፈውም። እናቴም ኅዳር 12 ሳታጥን አታድርም። ግን ያኔ ፌስታል አልነበረም! ዛሬ የሚጨሰው ፌስታልና ጎማ ነው። ቢያንስ እነሱን ለይተን እናስቀር። እሳቱም በማለዳና በምሽት ሳይሆን አየሩ ሲላወስ፣ ቀትር ላይ ይሁን። አስም ያለባት ልጄ ያን ቀን መስኮት ዘግታ ነው የምትውለው።

አንባቢያችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ