የቅሬታ ደብዳቤ፦ ጎን ለጎን ሊፈተሹልኝ ቃል ስለተገባልኝ ሁለት የሪሞት መኪና ሞተሮች

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የማዘዣ ወረቀቱ፣ የከፈልኩት ቀብድና ከሠራተኞቻችሁ ጋር በቴሌግራም የተጻጻፍነው ሁሉ በእጃችሁ ስላለ ወደ ኋላ ተመልሼ አልዘረዝርም። የምጽፍልዎ ባለፈው ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ፣ ሜክሲኮ ባለው ሱቃችሁ ባንኮኒ ላይ ስለሆነው ነገር ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን መመላለስ ሁሉ ችዬ አልፌዋለሁ። ይህን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ የተገባልኝን ቃል ላስታውስዎ። «ሁለቱንም እናስመጣለን። በአንድ ባትሪና በአንድ ኮንትሮለር ጎን ለጎን እናስነሳቸዋለን። የሚስቡትን አምፔርና ሙቀታቸውን በዓይንዎ አይተው የሚሻለውን ይወስዳሉ፤ ሌላው እኛ ጋ ይቀራል።» መስከረም 20 ቀን፣ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከእናንተ የተላከልኝ መልእክት ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። ስልኬ ላይ አለ። (ኮንትሮለር ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው።) 9,000 ብር ቀብድ የከፈልኩት ይህን አምኜ ነው። ዕቃውን የሚያስመጣልኝ ሌላ ሰው አላጣሁም ነበር። እናንተን የመረጥኩት ለሙከራው ብዬ ነው።

ሁለቱ ሞተሮች የትኞቹ እንደሆኑም በግልጽ ጽፌ ነበር፦ አንድ ባለ 17.5 ተርን (የሽቦ ዙር)፣ አንድ ባለ 21.5 ተርን፣ ሁለቱም ካርቦን አልባ፣ ሁለቱም ሴንሰር ያላቸው፣ ልካቸው 540 የሚባለው። ይህን ያህል የተጠነቀቅኩት ለአንድ መኪና ስላልሆነ ነው። እሑድ እሑድ የምንወዳደረው ልጆችና ጎልማሶች ስምንት የሪሞት መኪና አለን። ከሁለቱ አንዱን መርጠን ሁላችንም አንድ ዓይነት ሞተር ልንገጥም ተስማምተን ነበር፤ አለዚያ ገንዘብ ያለው ፈጣን ሞተር እየገዛ የሌላውን ልጅ ልፋት ከንቱ ያደርገዋል።

ቅዳሜ ዕለት ከእህቴ ልጅ ጋር መጣን። ወጣቱ ሠራተኛችሁ (ስሙን አልጠቅስም፣ በዚያ ሰዓት ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ) ከመሳቢያ አንድ ከረጢት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገው።

«ይኸው ጋሼ፣ ዕቃዎ መጣ።»

«ሁለተኛውስ?» አልኩት።

«አንድ ነው የመጣው። ግን ይሄ ከሁለቱም ይበልጣል።»

ከረጢቱን ከፍቼ አየሁት። ሦስት ወፋፍራም ገመዶች ብቻ ወጥተዋል። የሴንሰሩ ገመድ የሚሰካበት ባለ ስድስት ፒን ቀዳዳ የለውም። ቆርቆሮው ላይ «3300 ኬቪ» የሚል ተለጥፎበታል፤ የተርን ቁጥር የሚባል ነገር የለም።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ሴንሰር የለውም» አልኩት።

«ሴንሰር ምን ያደርግልዎታል? ያለ ሴንሰር የሚሠራው ነው ጠንካራው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ሠራተኛችሁ ልዩነቱን ሳያውቅ እንደሚሸጥ የገባኝ ያኔ ነውና። ኬቪ ማለት ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። በእኛ ባለ ሁለት ሴል 7.4 ቮልት ባትሪ 3300 ኬቪ ሞተር በደቂቃ ከ24,000 በላይ ይዞራል። እኛ የጠየቅነው ከዚህ በጣም የሚያንስ ነው፤ አውቀንም ነው የጠየቅነው። ተርን ሽቦው የተጠመጠመበት ዙር ነው። ዙሩ ሲያንስ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ቶሎ ይግላል። ዙሩ ሲበዛ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግን ረጋ ብሎ ይጎትታል፣ ባትሪም ይቆጥባል። የሴንሰሩ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ሴንሰር ያለው ሞተር ማግኔቱ በየትኛው በኩል እንደቆመ ለኮንትሮለሩ ይነግረዋል፤ ስለዚህ መኪናው ከቆመበት በለስላሳው ይነሳል። ሴንሰር የሌለው ግን ቆሞ ሳለ ለኮንትሮለሩ የሚናገረው የለውም። ኮንትሮለሩ የማግኔቱን ቦታ የሚያውቀው ሞተሩ ሲዞር ከሚመልሰው ቮልቴጅ ነው፤ እስኪያገኘው ድረስ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ይደናቀፋል። ለሰፊ ሜዳና ለረጅም ሩጫ ሴንሰር የሌለው ምንም አይለውም፤ ዋጋውም ይረክሳል። የእኛ መወዳደሪያ ግን ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ የተሠመረ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ወደ መቆም ተጠግቶ የሚታጠፍ ኩርባ አለው። ውድድሩ የሚሸነፈው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ ላይ የሚያቀዘቅዘውን ያህል ሞተር አያቀዘቅዝም። ባሕር ዳርቻ ላሉ ተወዳዳሪዎች የሚሆነው ሞተር ለእኛም እንደሚሆን ሳይሞከር አይታወቅም። ማግኔት ከመጠን በላይ ሲግል ጉልበቱን ያጣል፤ ሲቀዘቅዝ ሁልጊዜ አይመለስለትም። «ሙቀታቸውን በዓይንዎ አይተው» የሚለውን ቃላችሁን እንደ ዋዛ ያላየሁት ለዚህ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። «ሙከራውስ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አሁኑኑ እሞክርልዎታለሁ» አለና ከጀርባው አንድ ባትሪ አነሳ። ኮንትሮለር አላመጣም። የባትሪውን ቀይና ጥቁር ገመድ ይዞ ከሞተሩ ሦስት ገመዶች ሁለቱ ላይ በቀጥታ አስነካቸው።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ያየሁትን በትክክል ልንገርዎ። ጠቅ አለ። ብልጭታ ወጣ። ሻፍቱ አንድ ጊዜ ዘለለና በቆመበት ደረቀ። ልጁ ይዞር እንደሆን እየጠበቀ ገመዱን አልለቀቀም። «አንሳው! አንሳው!» እያልኩ ጮኽኩ። ገመዱን ሲያነሳ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ አፍንጫችን ገብቷል፤ የእህቴ ልጅ አፍንጫውን ያዘ። ጎናችን ቻርጀር ይገዙ የነበሩ እናት እንኳ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ።

ልጁ ምን አለ? «አየህ፣ ነቅቷል እኮ። ይሠራል።»

«አየህ» ነው ያለኝ። ከ«ጋሼ» ወደ «አንተ» የወረደው ጥፋቱን ካየሁበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ኤሌክትሪክ አሠልጥኛለሁ። ካርቦን ያለውን ሞተር በቀጥታ ባትሪ ላይ ብታስነካው ይዞራል፤ ካርቦኑና ኮሚውቴተሩ ኤሌክትሪኩን ራሳቸው እያቀያየሩ ያዞሩታል። ካርቦን የሌለውን ግን የሚያቀያይርለት ኮንትሮለሩ ነው። በቀጥታ ሲነካ ማግኔቱ በአንድ ቦታ ይታሰራል፤ ከሽቦው በቀር የሚያግደው ስለሌለ ባትሪው ያለውን አምፔር በሙሉ ይለቅበታል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኞቼ ያውቁታል። የማያውቅ ሰው ቢጠይቅ አያሳፍርም። እሱ ግን አልጠየቀም።

ገንዘቤን እንዲመልስ ጠየቅኩት። «ከረጢቱን ከፍተሃል፣ ነካክተሃል፣ አይመለስም» አለኝ። ማን ነካካው? በሰው ፊት ያቃጠለው እሱ አይደለም ወይ? ይህን ስለው ሞተሩን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገና ሦስት ሰው እየሰማ እንዲህ አለ፦ «ለልጅ መጫወቻ ይሄን ያህል ትጨቃጨቃለህ? በዚህ ዕድሜህ?»

የእህቴ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከቀብዱ 3,000 ብር የእሱ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ የሰፈሩን ሰው ስልክ ስክሪን እየቀየረ ያጠራቀመው። ከሱቁ ወጥተን ታክሲ እስክንይዝ አንድ ቃል አልተናገረም። አራት ኪሎ ስንደርስ «ጋሼ፣ እውነት መጫወቻ ነው እንዴ?» አለኝ። መጫወቻ አይደለም አልኩት፣ ለእናንተም እላለሁ። ይህ ልጅ ስታኞ መበየድ የተማረው በዚህ መኪና ነው። የማርሽ ጥርስ ቆጥሮ ማባዛትና ማካፈል፣ አምፔር መለካት፣ ኩሽኔታ አውጥቶ ማጠብ የተማረው በዚህ ነው። በሌላው ዓለም የእነዚህ ባለ 1/10 (የትልቁ መኪና አንድ አሥረኛ ልክ) የኤሌክትሪክ መኪኖች የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ይካሄዳል፤ በየአገሩ ያሉ ማኅበራትም ውድድሩን በ17.5ና በ13.5 ተርን እየከፋፈሉ ደንብ አውጥተውለታል። እኛም ከውድድር በፊት ኮንትሮለሩ ታይሚንግ (ሞተሩን ከልኩ በላይ የሚያፈጥን ማስተካከያ) እንዳልጨመረ በመብራቱ ብልጭታ እንፈትሻለን። ልጆቹ ይህን ደንብ ከእኛ ከትላልቆቹ ይልቅ ያከብሩታል።

ቤት ወስጄ በሙልቲሜትር ፈተሽኩት። አንዱን ጫፍ የሞተሩ ገመድ ላይ፣ ሌላውን ቆርቆሮው ላይ ሳስነካ ሙልቲሜትሩ ጮኸ። መጮኽ አልነበረበትም። የሽቦው ሽፋን ተቃጥሎ ከአካሉ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ትናንት እሑድ የእህቴ ልጅ መኪናውን ይዞ አልወጣም፤ የሌሎቹን ዙር ሲቆጥር ዋለ።

ይህንን ለመጻፍ ስቀመጥ ችዬ ያለፍኳቸው ሁሉ አንድ በአንድ መጡብኝ፤ ደብቄ ማቆየቱ ለእናንተም አይጠቅምም። ከፒያሳ ስትነሱ ለደንበኛ አንድ መልእክት እንኳ አልላካችሁም፤ የፈረሰ ግንብ አጠገብ ቆሜ የጥበቃ ሠራተኛ ነው ወዴት እንደሄዳችሁ የነገረኝ። «ማክሰኞ እንደውላለን» የተባልኩት ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱም ማክሰኞ አልተደወለም። ቴሌግራሙ እንደተነበበ ያሳያል፣ መልስ ግን የለም። ባለፈው ግንቦት የሸጣችሁልን ባትሪ በሁለተኛ ወሩ አብጧል፤ ያበጠ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ እሳት እንደሚያነሳ እየታወቀ «ትንሽ ማበጥ ችግር የለውም» ተባልን። 48 ፒች ፒኞን (ሞተሩ ላይ የሚገጠም ትንሽ ማርሽ) ስንጠይቅ ሌላ የጥርስ ልክ ያለውን ሞጁል 0.6 ሰጣችሁን። በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ግን ጥርሳቸው አይገናኝም፤ ትልቁን ማርሽ በአንድ ከሰዓት በልቶ ጨረሰው። ለ9,000 ብሩም የተሰጠኝ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ነው። የማሽን ደረሰኝ ስጠይቅ «ቀሪውን ሲከፍሉ ይሰጥዎታል» ተባልኩ። ያኔ ዝም ማለት አልነበረብኝም።

ቅዳሜ ማታ ቢሆን 9,000 ብሬ ይመለስልኝ ብዬ ብቻ ነበር የምጽፍልዎ። ሁለት ቀን ሳስበው ግን ገንዘቡ ብቻውን አይበቃኝም። የተገባልኝ ቃል እንዲፈጸም እፈልጋለሁ። ባለ 17.5ና ባለ 21.5 ተርን ሴንሰር ያላቸው ሞተሮች መጥተው፣ በኮንትሮለር ተነስተው፣ አምፔርና ሙቀታቸው በእኛ ፊት ይለካ፤ ያቃጠላችሁትም ሞተር ሒሳብ በእናንተ ይያዝ። ይህን የማትችሉ ከሆነ እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን ድረስ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ፣ ለተቀበላችሁትም ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጠኝ። በሁለቱም መንገድ ግን ያ ሠራተኛ የእህቴን ልጅ ይቅርታ ይጠይቅ። እኔን ባይጠይቅም ግድ የለኝም። ልጁን ግን ባዋረደበት ባንኮኒ ላይ፣ ሰው እየሰማ ይጠይቀው።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና በነጋዴው በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው። ሁለቱንም ቅዳሜ ዕለት ተነፍጌአለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ይህን ደብዳቤ ከቴሌግራሙ መልእክትና ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ጋር አያይዤ ለከተማው ንግድ ቢሮ አስገባለሁ፤ ኮፒው ተዘጋጅቷል። የስምንቱን መኪና ሞተር የሚያዙ ቤተሰቦችም ውሳኔያችሁን እየጠበቁ ናቸው።

ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር እመጣለሁ። የተቃጠለውን ሞተር በመጣበት ከረጢት፣ ሙልቲሜትሬንም ጭምር ይዤ። ቆርቆሮው ላይ ሲጮኽ እርስዎ ራስዎ ቆመው እንዲሰሙት እለምንዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመስከረም 20ው ማዘዣ ባለቤት