ለሠርጉ ምስክር አጣሁ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

እሑድ ዕለት ስለ እንግሊዛዊው የባሕር ወንበዴ ካፒቴን ሄንሪ ኤቨሪ ባወጣችሁት ሙሉ ገጽ ላይ፣ ሦስተኛው ዓምድ ወረድ ሲል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ካፒቴኑ የሕንዱን ንጉሠ ነገሥት መርከብ ከዘረፈ በኋላ «የንጉሡን ቆንጆ ልጅ አግብቶ ማዳጋስካር ላይ ነገሠ» ይላል። ከጎኑ ሥዕል አለ። ባለ ላባ ባርኔጣ ጎረምሳ ሻሽ የተከናነበች ልጅ እጅ ይዞ ቆሟል። ልጅቷ ፈገግ ብላለች።

ስለዚህ ሠርግ ጥቂት ጥያቄ አለኝ። ኒካውን ያሰረው ማነው? በልጅቷ በኩል ወሊይ፣ ማለትም እሷን የሚድር የቤተሰብ ተጠሪ፣ ሆኖ የቀረበውስ? መህሩ፣ ለሙሽራይቱ የሚሰጠው ጥሎሽ፣ ስንት ተቆረጠ? ምስክሮቹ እነማን ነበሩ፣ ጎራዴ የያዙት ናቸው ወይስ መርከቡ ወለል ላይ በግድ የተቀመጡት? ሠርጉን እንዲህ በእርግጠኝነት የጻፈ ጋዜጠኛ ይህን ማጣራት አያቅተውም ብዬ ነው።

ቀልዱ ይቆየንና ስለ መርከቧ እናውራ። ጋንጅ-ኢ-ሳዋይ ትባላለች። ያኔ ሕንድን ይገዙ ከነበሩት ከሙጋሎቹ የአንዱ፣ የንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ መርከብ ነች። ጽሑፋችሁ መድፎቿን ቆጥሯል። የተዘረፈውን ሀብት በፓውንድ ተምኗል። እንግሊዞቹ 325,000፣ ሕንዶቹ 600,000 እንዳሉም ሳይቀር ነግሮናል። ውስጧ ማን እንደነበረ ግን አንዲት መስመር የለውም። በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1695 ኤቨሪ ሲይዛት መርከቧ የጫነችው በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው ነበር። ብዙዎቹ ሐጅ አድርገው ከመካ ወደ ሕንዷ የወደብ ከተማ ወደ ሱራት የሚመለሱ ናቸው። ሴቶች ነበሩ፣ አሮጊቶች ነበሩ፣ ሞግዚቶች ነበሩ። ሙሉ ገጹን በጣቴ እየተከተልኩ «ሐጅ» የሚል ፈለግሁ። የለም። መድፍ ግን ስድስት ቦታ አለ።

መርከቧ ከተያዘች በኋላ የሆነውን በዚያው ዘመን የኖረው የሕንዱ ታሪክ ጸሐፊ ካፊ ካን ጽፎታል። ወንበዴዎቹ ሴቶቹን ደፈሩ። አንዳንዶቹ ክብራቸውን ለማዳን ባሕር ውስጥ ዘለሉ። ሌሎቹ በጩቤ ራሳቸውን አጠፉ። ካፊ ካን የሙጋሎቹ ወገን ነው፣ ሊያጋንን ይችላል የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን። የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የቦምቤይ ገዥ የነበረው ጆን ጌየርስ? እሱም ለአለቆቹ ደብዳቤ ጽፏል። ጉዳዩ የገዛ አገሩን ሰዎች የሚያዋርድ፣ ኩባንያውንም ዕዳ ውስጥ የሚከት ነበር። ቢያሳንሰው እንጂ ቢያጋንነው ምንም አይጠቀምም። በዓይኑ አላየም፣ እንደሰማነው ብሎ ነው የጻፈው። ግን የጻፈው ያው ነው። ሰዎቹ ገንዘባቸውን የት እንደደበቁ እንዲናገሩ በጭካኔ ተሠቃይተዋል። ሴቶች ተደፍረዋል። የአንድ ትልቅ ሰው ሚስትና ሞግዚቷ፣ ባልየው ይህን እንዳያይ ብለው ራሳቸውን ገድለዋል።

እዚያው ደብዳቤ ውስጥ የንጉሡ ዘመድም አለች። የአንድ ትልቅ መኳንንት ሚስት ናት። በእርጅና ዘመኗ ሐጅ አድርጋ ስትመለስ ነው የተያዘችው። እሷን ክፉኛ አንገላቷት ይላል።

እንግዲህ ጌየር የጠቀሳት የንጉሥ ቤተሰብ ይህቺ ነች። ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ያኔ ከ75 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሥዕሉን የሠራላችሁ ልጅ እንደገና ዕድል ከተሰጠው፣ ለሙሽራይቱ ሽበትና ምርኩዝ ይጨምርላት። ፈገግታዋን ደግሞ ያጥፋው።

ተረቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። ኤቨሪ በ1696 ዱካው ጠፋ። አልተያዘም። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ሰው ስለሱ ዘፈን አወጣ፣ ቲያትር ሠራ፣ ማዳጋስካር ላይ አነገሠው፣ ልዕልት ዳረለት። ሌላ ወሬም አለ። የብሪስቶል ነጋዴዎች አልማዙን አታለው ወሰዱበትና ለሬሳ ሣጥን የሚሆን ሳንቲም ሳይኖረው ሞተ ይላል። ሁለቱም ወሬ ነው። ጋዜጣችሁ ሁለተኛውን «እንደሚባለው» ብሎ አቀረበው። የመጀመሪያውን ግን እንዳየ ሰው ጻፈው። ለምን? አንዱን ለመጠራጠር ጊዜ ከነበራችሁ ሌላውን ለመጠራጠር ምን ከለከላችሁ?

ጽሑፉ «የጭቁን መርከበኞች ጠበቃ» የሚል ማዕረግም ሰጥቶታል። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ፣ አልክድም። በ1694 መርከበኞቹ ስፔን ውስጥ ላ ኮሩኛ ወደብ ላይ ወራት ያህል ያለ ደሞዝ ተገትረው ነበር። ሚስቶቻቸው ለንደን ላይ የመርከቡን ባለቤት ደጅ ጠንተዋል። የሰማቸው የለም። ግንቦት ላይ ኤቨሪና ጓደኞቹ ቻርለስ ሁለተኛ የምትባለውን መርከብ ይዘው ወጡ። አለቃው ካፒቴን ጊብሰን አልጋ ላይ ነበር። በጀልባ ወደ የብስ ሸኙትና መርከቧን ፋንሲ አሏት። እስከዚህ ድረስ ከሰዎቹ ጋር ነኝ። ያለ ደሞዝ መክረም ምን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። ሠርቼበት የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ደሞዛችንን ይዞብን ከርሟል፣ ዱቄት በዱቤ በልተናል። የሐጃጆች አውቶቡስ ላይ ግን አልዘመትንም። ዕዳው ያለው ለንደን ነው፣ የተከፈለው በሱራት አሮጊቶች ነው። ይህ ምን ዓይነት ጠበቃ ነው? የጊኒ ጠረፍ ላይ ደግሞ እነዚሁ የጭቁን ጠበቆች ለንግድ የመጡ አፍሪካውያንን መርከቡ ላይ አታለው አስወጥተው፣ ወርቃቸውን ወስደው፣ ሰዎቹን ባሪያ አድርገዋል። ይህም ከገጹ ቀርቷል። ቦታ ጠቦ ይሆናል።

ቦታ ጠቦ እንዳልል ግን፣ የሮቸስተሯ የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛ ሙሉ አንቀጽ አግኝታለች። ከወንበዴዎቹ አንዱ የነበረው ጆን ዳን የሰቀለው ልብስ ከበዳት፣ ብትዳስሰው ውስጡ ከ1,000 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ወርቅ ተሰፍቷል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ እኔም ሳቅሁ። ያ ወርቅ ልብስ ውስጥ ከመሰፋቱ በፊት የማን ነበር የሚለውን ግን ጋዜጠኛው አልጠየቀም።

አያቴ ሐጅ ያደረገችው በባሕር ነው። ከወሎ እስከ ምጽዋ፣ ከዚያ በመርከብ ጅዳ። ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንድ ሣጥን ነበር። ውስጡ የመካው የዘምዘም ውሃ የሞላበት አፉ በሰም የታሸገ ቆርቆሮ፣ ሙስበሃ የምንለው መቁጠሪያና የራሷ ከፈን። ከፈኑን ዘምዘም ውስጥ ነክራ፣ አድርቃ፣ አጥፋ ነው ያመጣችው። ስትሞት የምትገነዝበት ነው። ልጆች ሆነን ሣጥኑን እንድንነካ አትፈቅድም ነበር። የጋንጅ-ኢ-ሳዋይን ነገር ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ወርቁ አይደለም። ሣጥን እየሰበሩ ሲበረብሩ ስንት ከፈን ወለሉ ላይ እንደተረገጠ ነው የማስበው። እናንተ ይህን «ታላቅ የባሕር ጀብዱ» አላችሁት።

በዚያ ላይ «በሩቁ የሕንድ ውቅያኖስ» ትላላችሁ። መርከቧ የተያዘችው ወደ ሕንድ ስትቃረብ ነው፣ ልክ ናችሁ። ኤቨሪና አብረውት የነበሩት ካፒቴኖች አድብተው የከረሙት ግን ባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ነው፣ ፔሪም ደሴት አጠገብ። ሐጃጆቹን የጫኑት መርከቦች በሌሊት ሾልከው ስላለፏቸው ነው እስከዚያ ያሳደዷቸው። ፔሪም ለጅቡቲ ጎረቤት ነው። አያቴ ከተሻገረችው ባሕር በር ላይ ነው። ሩቅ የሆነው ለማን ነው?

እውነቱን ልናገር፣ ይህን ያህል የተናደድኩት በኤቨሪ ብቻ አይደለም። ጋዜጣችሁ እኛን የሚያስታውሰን በዓመት ሁለቴ ነው። የዒድ ዕለት ከስታዲየም አንድ ፎቶ ከላይ ተነስቶ ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ሲሰግድ ጀርባው ይታያል። ከሥሩ «በድምቀት ተከበረ» ተብሎ ይጻፋል። በቃ። ከዚህ በፊትም የቀድሞ ሐጃጆች በባሕር የሄዱበትን መንገድ የሚያስታውሱ አዛውንቶች ሳያልፉ አነጋግሯቸው ብዬ ጽፌላችሁ ነበር። መልስ የለም። አጀብ! ለእንግሊዝ ወንበዴ ግን ሙሉ ገጽ፣ ያውም በቀለም።

ፍርዱ ላይም እንዲሁ ነው የዘለላችሁት። «ፍትሕ ተከተላቸው» ይላል ጽሑፉ። ኦክቶበር 1696 ለንደን ላይ ስድስት ሰዎች ቀረቡ። የመጀመሪያው ክስ የጋንጅ-ኢ-ሳዋይ ዘረፋ ነበር። ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ነጻ አሏቸው። መንግሥት ደነገጠና ሌላ ክስ አመጣ። ቻርለስ ሁለተኛን ሰርቃችኋል ተባሉ። አሁን ጥፋተኛ ሆኑ። የሐጃጆች መርከብ ላይ ያልጨከነ አንጀት፣ የእንግሊዝ መርከብ ሲሆን ጨከነ። አምስቱ ኖቬምበር 25 ቀን ተሰቀሉ። ከነሱ አንዱ ጆን ስፓርክስ ነው። መሰቀያው ሥር ቆሞ፣ በሕንዶቹና በሴቶቻቸው ላይ የፈጸሙት ግፍ ነፍሱን እንደሚያስጨንቃት ተናዟል። እንግዲህ ወንበዴው ራሱ ሴቶቹን አስታውሷቸዋል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የጻፈው ጋዜጠኛ ነው ያላስታወሳቸው።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ሠርጉ እንዳልነበረ ጻፉ። መርከቧ ሐጃጆችን የጫነች እንደነበረች ጻፉ። የጌየርን ደብዳቤ አሮጊቷ ያለችበትን ክፍል ተርጉማችሁ አውጡት። ሥዕሉ ወጥቶበት በነበረው ገጽ ላይ፣ በዚያው ስፋት ይሁን። እንደ ልማዳችሁ «እርማት» ብላችሁ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር እንዳትወሽቁት።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደሴ