እሁድ ችቦው ፒያሳ ይወጣል

ሰላም የሩጫ ቡድናችን አባላት፣

እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጥምቀተ ባሕር በር ላይ እንገናኝ። ሰዓቱን ያረፈድነው ቅዳሴ የምታስቀድሱትም እንድትደርሱ ነው። ከዚያ ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ እስከ ፋሲል ግንብ በር እንሮጣለን። ዳገቱን ታውቁታላችሁ፤ ግን የዚያን ቀን ሰዓት የሚይዝ ሰው አንፈልግም።

ችቦውን የሚይዙት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ስፖርተኞች ናቸው። እኛ አጃቢ ነን። ሐሳቡን ያገኘነው እንደነሱ ላሉ ስፖርተኞች ውድድር ከሚያዘጋጀው ከስፔሻል ኦሊምፒክስ ነው። እንቅስቃሴውን የመሠረቱት ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1968 ቺካጎ ላይ ተካሄደ። የችቦ ሩጫውን ደግሞ በ1981 የጀመሩት የዊቺታ፣ ካንሳስ ፖሊስ አዛዥ ሪቻርድ ላመንዮን ናቸው። ዛሬም በብዙ አገር ከስፖርተኞቹ ጋር የሚሮጡት ፖሊሶች ናቸው።

እኔን የሚገርመኝ የውድድሩ አደረጃጀት ነው። ተወዳዳሪዎቹ በዕድሜና በችሎታ ከአቻዎቻቸው ጋር ይመደባሉ። ስለዚህ በየትኛውም ምድብ እልህ መጋባት አለ። ለማበረታታት ብቻ የሚደረግ ጨዋታ የመሰለው ካለ ተሸውዷል።

በልምምዱ አንዱ ልጅ ችቦውን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞ ዓይኑን ከእሳቱ አልነቅልም አለ። እህቱ «ኧረ መንገዱን እይ!» ስትለው «አንቺ እይልኝ» ብሎ ሩጫውን ቀጠለ። ልክ ነው። ከእያንዳንዱ ባለ ችቦ ጎን መንገዱንም ባጃጁንም የሚያይ አንድ ሰው ይኑር። ለፎቶ ብላችሁ ችቦውን አትቀበሏቸው። ከንፈር መምጠጥማ ጭራሽ ክልክል ነው!

ውኃ የምታመጡ እስከ ዓርብ ማታ ንገሩኝ።