አባቴ ደረጃ ሥር የቀረበት ሙዚየም፦ ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው መዝገብ ቤት ያስገባሁት ማመልከቻ የጽሑፍ መልስ ስላጣ ነው። ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ማኅተም አርፎበታል፣ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተብያለሁ። ክፍሉ ድረስ ሄድኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ስደውል «እየታየ ነው» ይሉኛል። ማን እያየው እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

ጉዳዩን እርስዎ ያውቁታል፤ ለአንባቢ ስል ልድገመው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የሥዕል መምህር ነው። በ1950 ዓ.ም. በተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ካስተማሯቸው ልጆች አንዱ ነበር። ስትሮክ ካገኘው ወዲህ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ስላለው የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ቀኝ እጁ ግን ዛሬም እርሳስ ይይዛል። ከቤት የሚወጣው ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ሆኖ ስለከረመ፣ አንድ ቅዳሜ ሙዚየም አይተን፣ ምሳ በልተን፣ ዘና ብለን ልንውል ተነሳን። ፎቁ ላይ የክፍል ጓደኛው ሥዕል እንዳለ ያውቃል። ሸሚዙን ከማታው አስተኩሶ ነው ያደረው።

ቲኬት ቆራጯ ወንበሩን እያየች ሙሉ ሒሳብ ተቀበለች። የመግቢያውን ደረጃ ከጥበቃው ጋር ተጋግዘን አሻገርነው። ሥዕሎቹ ግን በሙሉ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ሊፍት የለም። ጥበቃው ደግ ልጅ ነው፤ «አባባ፣ እኔ ልዘልዎት» አለው። አባቴ እምቢ አለ። የ75 ዓመት ሰው፣ ያስተማራቸው ልጆች ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ፣ እንደ ሕፃን መታዘል አልፈለገም። ደረጃው ደግሞ ጠባብ ነው፤ ሁለቱም ሊወድቁ ይችሉ ነበር። «በቃ በስልኬ አንስቼ ላምጣልህ» ብዬ ወጣሁ። ፎቅ ላይ ያለችው ሠራተኛ ፎቶ ክልክል ነው አለችኝ። ነገሩን አስረዳኋት፤ መመሪያ ነው አለች። ወርጄ ሥዕሉን በቃል ነገርኩት። «ቀዩ ከየት በኩል ነው የሚጀምረው?» ብሎ ጠየቀኝ። መመለስ አቃተኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህን አንብበው እንዴት ዝም ይላሉ?

ከዚያ ምሳ ሄድን። ብዙም የማትርቅ ምግብ ቤት ናት፤ እሷም በሯ ላይ ደረጃ አላት። ገና ስንጠጋ አስተናጋጁ ከበሩ ጀርባ ጣውላ ይዞ ወጣ። እንዳያንሸራትት ያረጀ ጎማ ቁራጭ በምስማር ተመትቶበታል። ዘረጋው፣ ገፋን፣ ገባን። ማን እንዳሠራው ስጠይቀው «የሰፈራችን አንድ አባት ይቸገሩ ስለነበር ባለቤቷ አሠራችው» አለኝ። አባቴ በየዓይነቱን በላ፣ ቡናውን ጠጣ፣ አስተናጋጁንም በደረሰኙ ጀርባ በእስክሪብቶ ስሎ ሰጠው። ሽሮ ሸጣ የምታድር ሴት ያሰበችውን፣ በጀት የሚመደብለት መሥሪያ ቤት ማሰብ እንዴት ያቅተዋል?

ሕጉን እኔ አልነግርዎትም። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው መግቢያ እንዲኖረው ገና በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደንግጎ ነበር። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 30 ላይ ሙዚየምን በስሙ ጠርቶታል። ኮሪደር ላይ በቃል ያገኘሁት መልስ «ሕንፃው ቅርስ ነው፣ አይነካም» የሚል ነው። ግድግዳ አፍርሱ ያለ ሰው የለም። ለመግቢያው የሚነሳና የሚቀመጥ የብረት መወጣጫ አንድ በያጅ ይሠራዋል። ሥዕሎቹንም እያፈራረቁ ጥቂቶቹን ምድር ላይ መስቀል ይቻላል።

ከእነዚያ ሥዕሎች አንዱን የሣለው የአባቴ ጓደኛ ነው። እግሩ የሚራመድለት ሁሉ ወጥቶ ያየዋል፤ አብሮት ቀለም የበጠበጠ ሰው ደረጃ ሥር ይቀራል። ይህ ያንገበግበኛል።

በቃል ማጽናኛ አልፈልግም። መወጣጫው መቼ እንደሚሠራ፣ ሥዕሎቹ መቼ እንደሚወርዱ፣ ኃላፊነቱም የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይመለስልኝ። እስከዚያው ቲኬት መቁረጫው መስኮት ላይ «በተሽከርካሪ ወንበር ፎቅ መውጣት አይቻልም» ብላችሁ ለጥፉ፤ ላላሳያችሁት ፎቅም ገንዘብ አትቀበሉ።