የስልክ ፎቶ ጊንጥን «አዲስ ዝርያ» አያደርገውም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ከመተማና ከቋራ ቆላ፣ አንዳንዴም ከአፋር በረሃ የተነሡ የጊንጥ ፎቶዎች ባሕር ዳር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞሩ ይከርሙና «በሳይንስ የማይታወቅ አዲስ ዝርያ» ተብለው ዜና ይሆናሉ። ጊንጡ አዲስ ሊሆን አይችልም ማለታችን አይደለም። የአፍሪካ ቀንድ ጊንጦች ገና ተጠንተው አላለቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከዚሁ አካባቢ የተገለጸ አንድ የጊንጥ ወገን (ጂነስ) ሳይንሳዊ ስሙ ራሱ «ጊንት» ነው፣ ከአማርኛ የተወሰደ። ነገር ግን አዲስነቱን ፎቶ ብቻውን አያረጋግጥም።

ፎቶ ጥርጣሬ ለመጫር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 በካሊፎርኒያ ፓሩሮክቶነስ ሶዳ እና ፓሩሮክቶነስ ኮንክሉሰስ የተባሉ ሁለት የበረሃ ጊንጦች የተገለጹት፣ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የለጠፏቸውን ፎቶዎች ተጠራጥረው በተከታተሉ ሁለት ወጣቶች አነሣሽነት ነው። ወጣቶቹ ግን በፎቶው አላቆሙም። በሌሊት ወደ ደረቁ የጨው ሐይቆች ወርደው ናሙና ሰበሰቡ፣ ለኩ፣ ከጊንጦቹ የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ጋር አነጻጸሩ።

ፍለጋው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በአልትራቫዮሌት ባትሪ ይካሄዳል፤ ሱቆች ፎርጅድ ብር የሚለዩበት ዓይነት መብራት ነው። 395 ናኖሜትር የሚለው ርካሹም ይሠራል፣ 365 ግን ሐምራዊ ብርሃኑ ስለሚያንስ ጊንጡ ጎልቶ ይታያል። ቅርፊቱን ገና የገፈፈ ጊንጥ አያበራም፤ ስለዚህ «አላበራምና ሌላ ዓይነት ነው» አይባልም። የሚያዘው 25 ሴንቲሜትር በሚሆን ወረንጦ ከጅራቱ ጫፍ ነው፤ የተሸፈነ ጫማም ግድ ነው።

ብዙ ናሙና የሚበላሸው ከተያዘ በኋላ ነው። አረቄ ውስጥ የሚከቱ አሉ። ዳግም አረቄ እንኳ ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ጊንጡ ከውስጥ ይበሰብሳል። የሚፈለገው 80 በመቶ ኢታኖል ነው፤ 96 በመቶው ካለ አምስት እጅ አልኮል ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ቅርፊቱ አልኮል ቶሎ ስለማያስገባ ሆዱ በቀጭን መርፌ ይወጋል፤ የጊንጡ የራሱ ውሃ አልኮሉን ስለሚያቀጥነውም በማግስቱ ይቀየራል። ለዲኤንኤ አንድ እግር ቀድሞ ተቆርጦ ባልቀጠነው 96 በመቶ ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። ፎርማሊን ግን ዲኤንኤውን ስለሚያበላሽ አይሞከርም።

መለያ ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። የእኛ አገር ልዩ ጣጣ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። «5/3/2016» የሚል ወረቀት ለእኛ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15 ቀን 2023። ለንደን ያለ ተመራማሪ ግን ማርች ወይም ሜይ 2016 ብሎ ያነበዋል፤ ዓመቱም ወቅቱም ይሳሳታል። የወሩ ስም በፊደል፣ ዓመቱም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይጻፍ። ከፍታውም አይረሳ። የጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ደጋማ ስፍራ እንጂ በረሃ አይደለም። ባሕር ዳር መጋዘን ውስጥ የተገኘ የቆላ ጊንጥ ከመተማ ከሰሊጥ ጆንያ ጋር ተጭኖ የመጣ ሊሆን ስለሚችል «ባሕር ዳር» ብሎ መመዝገብ ያሳስታል።

ዋናው ሥራ ማይክሮስኮፕ ሥር ነው። ቀለም ከሁሉ ያነሰ ምስክር ነው፤ በዕድሜ ይለወጣል፣ በአልኮል ይደበዝዛል። ጠቅላላ ርዝመትም አያስተማምንም። የጠገበ ወይም ያረገዘ ጊንጥ ሆዱ ስለሚለጠጥ መለኪያ የሚሆነው የራስ ጋሻው ርዝመት ነው፤ ከዚያ የመቆንጠጫውና የእያንዳንዱ የጅራት ክፍል ርዝመት ለስፋቱ ይካፈላል። ከሆዱ ሥር ያሉት የሁለቱ ማበጠሪያ መሰል አካላት ጥርሶች ግራና ቀኝ ለየብቻ ይቆጠራሉ። በወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ይበዛሉ፤ በዚህ የተነሣ የአንድ ዝርያ ወንድና ሴት ሁለት ዝርያ ተብለው ተጽፈው ያውቃሉ። በመቆንጠጫው ክንድ ላይ ያሉት ስሜት አንሺ ፀጉሮችም አቀማመጣቸው ይመዘገባል። ቡቲዴ በሚባለው አስተኔ (የጊንጥ ቤተሰብ) መሠረታዊው ቁጥር በክንዱ ጭን 11፣ በመካከለኛው ክፍል 13፣ በመቆንጠጫው 15 ነው። ፀጉሩ ስለሚሰበር የሚቆጠረው ሥሩ የተተከለበት ጉድጓድ ነው፤ እሱም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ፎቶ ሲነሣ ቁልጭ ይላል። ደቦል ጊንጥን ይዞ አዲስ ዝርያ መግለጽ ከንቱ ድካም ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱ ብዙ ወንዶችና ሴቶች ያስፈልጋሉ።

የዲኤንኤ ልዩነት ብቻውንም አይበቃም። ጊንጥ ከተወለደበት ብዙ ስለማይርቅ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ የሁለት ሸለቆ ጊንጦች በእጅጉ ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚያ በላይ አድካሚው ከቀደሙት ናሙናዎች ጋር ማነጻጸሩ ነው። ከእኛ አገር የተወሰዱ ጥንታዊ ናሙናዎች እንደ ለንደንና ጄኖቫ ባሉ ሙዚየሞች ናቸው፤ ፓራቡተስ አቢሲኒከስ የተባለው ጊንጥ የተገለጸው በ1901 (እ.ኤ.አ.) ነው። አዲሱ ሆሎታይፕ (የዝርያው ስም የሚታሰርበት ዋና ናሙና) ግን እዚሁ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቢቀመጥ የቀጣዩን ትውልድ ተማሪ ከቪዛ ጣጣ ያድነዋል። ናሙና ወደ ውጭ ከመላኩ በፊትም የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይጠየቅ።

ከእናንተ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተመራማሪ ያሰበውን ሳይንሳዊ ስም ሳይንሳዊ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አታውጡ። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ አዲስ ስም አዲስ መሆኑ በግልጽ ተጽፎ፣ ሆሎታይፑና የተቀመጠበት ቦታ ተጠቅሶ ነው የሚጸናው፤ በኢንተርኔት ብቻ ለሚታተም ሥራ ደግሞ ዙባንክ በተባለው የእንስሳት ስሞች መዝገብ ላይ መመዝገብ ግድ ነው። በዜና ሾልኮ የወጣ ስም በኋላ የማንነት ክርክር ያመጣል። እስከዚያው «ያልተለየ ጊንጥ» ማለት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ወረዳውን ጻፉ እንጂ የጂፒኤስ ቁጥሩን አትጻፉ። ብርቅ ጊንጥ እየገዛ የሚያረባ ገበያ በውጭ አገር አለ፤ በአንድ የጨው ሜዳ ዳር ብቻ የሚኖር ዝርያ ደግሞ በጥቂት ሌሊት ሊለቀም ይችላል።

የሥነ ሕይወት መምህራንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ከባሕር ዳር