ከሥሯ የጎማ ቁራጭ ያለባት መቀመጫ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ከተማ ውበት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በየመንገዱ ዳር በቆርቆሮ፣ በሸራና በጣውላ ተቀጣጥሎ የተሠራውን ሁሉ «ዓይን የሚያስቀይም» ብለውታል። እኔ በንድፍ ሥራ 20 ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። የሚያሳፍረኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ለአንዲት ትንሽ አደባባይ መቀመጫ ነደፍኩ። ኮንክሪት ነው፤ ጠርዙ ለስልሶ፣ በእኩል ርቀት ተደርድሮ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር። ሥራው አልቆ ሄጄ ሳይ ግን ማንም አልተቀመጠበትም። ቀትር ላይ ይፋጃል። ሰዉ ሁሉ ማዶ ዛፉ ሥር ነው። ሁለት ድንጋይ፣ በላያቸው አንድ ጣውላ። ጣውላዋ ላይ ሲሚንቶ ደርቆባታል፤ ለካ ከእኛው ሥራ የተረፈች ናት! አንደኛው ድንጋይ አጠር ስለሚል ከሥሩ የጎማ ቁራጭ ገብቶለታል። ጫፏ ላይ ሚስማር ተመትቷል፤ ፌስታል ይንጠለጠልበታል። እኔ ደግሞ የተቀመጠ ሰው ፌስታሉን የት እንደሚያደርገው አስቤ አላውቅም። ፀሐይዋ ስትዞር ሁሉም ይነሳሉ፤ አንዱ ጣውላዋን ይይዛል፣ ሌላው ድንጋዩን ያንከባልላል። ከጥላው ጋር አብረው ይዞራሉ።

ይህን የሰው ብልሃት ከልብ የያዙት አሉ። ቺሊ ውስጥ፣ ኢኪኬ ከተማ፣ ወደ 100 የሚጠጉ ቤተሰቦች ለብዙ ዓመታት በገዛ እጃቸው ቤት ቀጣጥለው የኖሩበት መሬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ኪንታ ሞንሮይ የተባለው መንደር እዚያው ተሠራላቸው። ለአንድ ቤተሰብ የተገኘው ድጎማ 7,500 ዶላር ነው፤ የመሬቱም ዋጋ ከዚያው ይወጣል። አርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬናና ባልደረቦቹ በዚህ ገንዘብ ጠባብ ቤት ጨርሰው ከማስረከብ የደህና ቤት ግማሹን ሠሩ። ሰው ብቻውን የሚከብደውን፣ ማለትም ዋናውን አካል፣ ደረጃውን፣ ወጥ ቤቱንና መታጠቢያውን። ጎኑን ክፍት ተዉት። ነዋሪው ገንዘብ ባገኘ ቁጥር ሞላው። አራቬና እ.ኤ.አ. በ2016 ትልቁን የአርክቴክቶች ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ወስዷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ክፍተቱ ነው። ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ መተው ለኛ ለነዳፊዎች ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል።

ቅጥልጥል ሁሉ ይጽደቅ አልልም። በድንጋይ ብቻ የተጫነ ቆርቆሮ ነፋስ ሲነሳ የሰው አንገት ይቆርጣል። ከአንድ ምሰሶ አሥር ቦታ የተጠለፈ ሽቦም ሰፈር ያቃጥላል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም። ግን ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ሜትር ይዞ ይሂድ። ምን እንደተሠራ፣ ወዴት እንደዞረ፣ ስንት ሰዓት ላይ ሰው እንደሚበዛበት ይመዝግብ። እኔ ጣውላዋን ለካኋት፤ ከመሬት 38 ሳንቲ ሜትር ናት። የኔው 45 ነበር።

ኮንክሪቱም ቢሆን ሥራ አላጣም። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ፣ ታጥቦ እንዲደርቅ የተደረደረ የሸራ ጫማ አየሁበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ነዳፊ