ትሉ ለምን ሁለተኛ አይፈትልም?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የሐር ትል እንቁላል ልትወስዱ ስትመጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ። «ፈትሎ የጨረሰውን ትል ከኮኩኑ (ክሩን ፈትሎ ከሠራው ቤት) አውጥተን ቅጠል ብናበላው፣ ሌላ አይሠራልንም ወይ?» አንድ ደንበኛችን ሞክረውታል። ኮኩኑን በምላጭ ቀደው ትሉን ለጋ የጉሎ ቅጠል ላይ አስቀመጡት። ትሉ ዞር ብሎም አላየው።

አይሠራም። መፍተያው ራሱ የለማ!

ክሩ የሚመነጨው ትሉ ሆድ ውስጥ ግራና ቀኝ ከተጋደሙ ሁለት ረጃጅም እጢዎች ነው። የእንጆሪ ቅጠል በሚበላው የሐር ትል ላይ፣ ለመፍተል ሲደርስ እጢዎቹ የክብደቱን 40 በመቶ ያህል ይይዛሉ። ፈትሉ ሲያልቅ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈርሳሉ። ህዋሶቹ ታመው አይደለም፤ ሙቱ ተብለው ታዘው ነው።

አዛዡ ኤክዳይሶን የሚባል ሆርሞን ነው። ቡቴናንትና ካርልሰን የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1954 ለይተው ሲያወጡት፣ ከ500 ኪሎ የሐር ትል ፑፓ (ኮኩን ውስጥ ሆኖ ወደ እሳት እራት የሚለወጠው ትል) ያገኙት 25 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። (500 ኪሎ! እኛ እንኳን ያን ያህል ፑፓ በአንድ ላይ አይተን አናውቅም።)

ይኸው ኤክዳይሶን ትሉ ትንሽ እያለም ይመጣል። ያኔ ግን ቆዳ ያስቀይረዋል እንጂ እጢውን አይነካም። ጁቬናይል ሆርሞን የሚባለው ሌላው ሆርሞን «ቆይ፣ ገና ልጅ ነው» ብሎ ይይዝለታል። ጁቬናይሉ ሲጠፋ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ትሉ መብላት ያቆማል፣ ይፈትላል፣ እጢውም ይሄዳል።

ትሉ ተለውጦ የሚሆናት የእሳት እራቷም ጉድ አላት። ከኮኩን ገፍታ የምትወጣበት የሆድ ጡንቻ፣ ከወጣች በኋላ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ሟሙቶ ያልቃል። እዚህ ላይ ግን ትእዛዙ የኤክዳይሶኑ መምጣት ሳይሆን መቀነሱ ነው። ሎክሺንና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «በፕሮግራም የሚካሄድ የህዋስ ሞት» የሚለውን ስም የሰጡት ይህን ጡንቻ ሲያጠኑ ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። አንዳንድ ፀረ ተባዮች ጁቬናይል ሆርሞንን አስመስለው የተሠሩ ናቸው። ቅጠሉ ላይ ትንሽ ካረፈ ትሉ «ልጅ ነኝ» እንዳለ ይቀራል፤ ይበላል፣ ይወፍራል፣ አይፈትልም። እንዲህ ከገጠማችሁ እንቁላላችንን ከመውቀሳችሁ በፊት፣ ጎረቤት ማሳ ላይ ምን እንደተረጨ ጠይቁልን። ከዚያ ደውሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
እንቁላል አቅራቢዎቻችሁ